በሳምንት አንድ አንጓ

አያ ፍሰሃ ጆንያ ሰፊ ነው። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘኖቹ ወደተደረደሩበት መንገድ ገብታችሁ «ሀበሻው ጆንያ ሰፊ የት ነው?» ብትሉ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያሳያችኋል። ሱዳኖቹ ሹዋል የሚሉትን የተቀደደ ጆንያ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጣት በምታህል መርፌ እየወጋ፣ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ሥራ ሲፈታ መርፌዋን ኮሌታው ላይ ይሰካታል። አንድ የፋሲካ ዕለት ተሰክታ እንዳለች ዘልዬ አቅፌው ትከሻዬን ወግታኝ ነበር። ጮህኩ፤ እሱ ደግሞ «ይቺ ድምፅ የት ነበረች? ዓርብ ዓርብ ለምን አታወጫትም?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ትዕበ እባላለሁ። እዚያው ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ እሠራለሁ። አያ ፍሰሃን የማውቀው ከሑመራ ነው፤ ያን ጊዜ የሰሊጥ እርሻ ካቦ ነበር። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ፣ ዜማ ጀምሮ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ለምን እንደተወው ብጠይቀው «ሆዴ ከድምፄ በለጠ» አለኝ። ጦርነቱ ሲመጣ የሟች እኅቱን ልጅ ራሕዋን በአንድ እጁ፣ አንድ ፌስታል በሌላ እጁ ይዞ ተከዜን ተሻገረ። ራሕዋ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ኡም ራኩባ መጠለያ ከኖሩ በኋላ ወደ ከተማ ወጡ። እሷ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ እሱ መርፌ ያዘ።

መዝሙሩን የጀመርነው ዘጠኝ ሆነን ነው። ድምፅ ያለን ሰዎች እንዳንመስላችሁ! ለተሰንበት ለውዝ ቆልታ ትሸጣለች፤ ድምፇ እንደ ለውዟ ይንኳኳል። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ካልሆነ ዘፍኜም ዘምሬም አላውቅም። ግን አያ ፍሰሃ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጎ፣ መሪውን ለይቶ፣ ተቀባዩን አሰልፎ፣ የመጀመሪያው ቀን ድምፃችን አንድ ላይ ሲገጥም ጀርባዬን ውርር አደረገኝ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሰው አዲስ አካል ያበቅላል እንዴ? እኔ አበቀልኩ!

የምንለማመደው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ዓርብ ስለማይሠራ ቁልፉን ለአያ ፍሰሃ ይተውለታል። እስከ ጣሪያ በተደረደረ ሰሊጥ መካከል ቆመን እንዘምራለን። ሰሊጥ ድምፅ ይበላል፤ ውስጥ ብትጮኹ መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይሰማም። ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው እየለቀሙ የሚጭኑበት አፈሳ፣ ሱዳኖቹ ከሻ የሚሉት፣ ሀበሻ ተሰብስቦ ከተሰማበት አይቀርም። ውጭ ደግሞ ረድዋን አለ። ባለ ሪክሻ ነው፤ አባቱ የገዳሪፍ፣ እናቱ የጎንደር ሰው ናት። የጁምዓ ሶላቱን ሰግዶ ይመጣና ሪክሻውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀናል። ክላክስ ሁለት ጊዜ ካደረገ መዝሙር የለም፤ እያንዳንዳችን ጆንያ እንደምንቆጥር እንሆናለን።

«ያ ኻልቲ ትዕበ» ይለኛል ስንወጣ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፤ «ዛሬም ከፍየል ድምፅ አንሳችኋል።»

«አንተ እስላም፣ ምን አገባህ በመዝሙር?»

«በሁለት ዓመት ጆሮዬ ክርስቲያን ሆኗል፤ የቀረው ሌላው ነው።»

እንዲህ ስንሳሳቅ ነው ዘጠኝ የነበርነው ስድስት የሆንነው።

መጀመሪያ የሄደው ክብርኣብ ነው፤ ከበሮ መቺያችን። አንድ ዓርብ ልምምዱ ሲያልቅ «አያ፣ እስቲ ያን የልጅነታችንን የጥምቀት መዝሙር እንበለው» አለ። አልነው፤ በደስታ። ከበሮውን ዓይኑን ጨፍኖ መታ። ቅዳሜ ቤቱ የለም። ወደ ሊቢያ ከሚያሻግሩት ደላሎች ጋር ወጥቷል። በወሩ የአያ ፍሰሃ ስልክ ጠራ፤ የማይታወቅ ቁጥር። አነሳው። ማንም አልተናገረም። የመኪና ሞተር ብቻ ይሰማል፤ ከሞተሩ በታች የሆነ ሰው ይተነፍሳል። «ክብርኣብ? ክብርኣብ ልጄ?» አለ አያ ፍሰሃ። ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልጠራም።

ከዚያ ኣማኑኤል፣ እናቱ ታዜመው የነበረውን የማርያም መዝሙር ጠየቀ፤ በማግስቱ ሄደ። ሦስተኛዋን በስሟ አልጠራትም፤ እናቷ ኡም ራኩባ ናት፤ ልጇ ከሰላ ከተማ ሥራ ያገኘች ነው የሚመስላት። እሷም ከመሄዷ በፊት አሮጌ መዝሙር ነው የጠየቀችው።

ደላሎቹ ሰውን አፉን ያስይዙታል፤ ለእናት እንኳ አይነገርም። ስለዚህ ማንም አይሰናበትም። የሚሰናበተው በመዝሙር ነበር፤ ይህን ያስተዋለው አያ ፍሰሃ ነው። አንድ ቀን ምስር ይዤለት ብሄድ መርፌውን ይዞ ተቀምጧል፤ አይሰፋም።

«ትዕበ፣ የሚሄድ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚጠይቅ። አዲስ አይፈልግም። አዲስ መማር የሚፈልግ፣ የሚቆይ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አሮጌ የለም። ከዛሬ ጀምሮ አሮጌ አንዘምርም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ራሕዋ ሸራ ጫማ ገዝታለች። ጠጉሯንም ቆርጣዋለች።»

«ሞቋት ይሆናላ!»

«ሞቋት ይሆናል» አለ፤ ግን ዓይኑ እንደዚያ አላለም። በረሃ የሚያቋርጡ ሴቶች ጠጉራቸውን እንደሚቆርጡ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቀጥሎ የመጣው ሁሉ የተሠራው ለእሷ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አያ ፍሰሃ ለትንሣኤ የሚሆን አዲስ መዝሙር ራሱ ደረሰ። ጾም ነውና ከበሮው ተሰቅሏል፤ በባዶ ድምፅ ነው የምንለማመደው። አዝማቹ «ድንጋዩ ሲንከባለል፣ ነቅቼ ልገኝ» ይላል። ስምንት አንጓ አለው፤ ለስምንቱ የጾም ሳምንታት። በወረቀት አይሰጥም፣ በስልክ አይቀዳም፤ በቃል፣ ከአፉ ወደ አፋችን፣ በሳምንት አንድ አንጓ።

«የኔታ፣ መዝሙር በቁና ልትሰፍርልን ነው?» አለች ለተሰንበት።

«አዎ። የመጨረሻውን የፈለገ እስከ ትንሣኤ ይቀመጣል።»

«መሀል ላይ ብትሞትብንስ?»

«መጥተሽ እዚያው ትቀበይኛለሽ።»

ሳቅን። ራሕዋ አልሳቀችም። እሱም ወዲያው ወደ እሷ ዞሮ «መሪዋ አንቺ ነሽ» አላት። ራሕዋ ቀጭን ድምፅ አላት፤ ጭር ያለ ቦታ ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ የሚመስል። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እሺ አያ» አለች። ደስ አለኝ! አጠገቤ የቆመችውን ዘቢብን ቆነጠጥኳት። ዘቢብ የራሕዋ ጓደኛ ናት፤ ዓይናፋር፤ ከተቀባዮቹ ጀርባ ተደብቃ ነው የምትዘምረው።

የመጀመሪያው አንጓ መጣ፤ ሁለተኛውም መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ከገበያው በላይ ሰማዩ ላይ ድሮን እዝዝ ሲል ዋለ፤ ሰው ሁሉ ከጣሪያ በታች ገባ። ምንም ሳይወድቅ አለፈ፤ ግን በማግስቱ ጎረቤቶቻችን ዕቃ ሲጭኑ አየን። ከአገራቸው ጦርነት ሸሽተው ገዳሪፍ የገቡት ሱዳናውያን ራሳቸው እንደገና ይሸሻሉ። እኛስ ወዴት? ማንም ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ አይጠይቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን የማይታመን ነገር ሆነ። ራሕዋ መጋዘኑ ድረስ መጥታ አጎቷ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«አያ፣ አራተኛውን ንገረኝ።»

«ዓርብ።»

«አልችልም እስከ ዓርብ። ከሰው ቀድሜ ካልያዝኩት እንዴት እመራለሁ? አምስተኛውንም ንገረኝ።»

እየሮጠ መጣ ስላችሁ፣ ስኳር ያለበት፣ ጉልበቱ የሚያመው የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ምግብ ቤቱ ድረስ እየሮጠ መጣ! ጭልፋ ይዤ ወጣሁ።

«ትዕበ፣ አዲሱን ትለምነኛለች። ልስጣት?»

«ምን ትጠይቀኛለህ? ስጣት እንጂ! ሊሄድ ያሰበ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በዚች አፌ።

ሰጣት። በአንድ ሳምንት ሁሉንም፣ ስምንቱንም። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ እየደጋገመ አስያዛት። እሷም እንደተጠማ ሰው ጠጣችው። «ስምንተኛው ላይ ትንፋሽ የምወስደው የት ነው?» «ከአዝማቹ ስመለስ ላንሳው ወይስ ልጣለው?» እያለች ትመረምረዋለች። አያ ፍሰሃ ክብርኣብ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ። እኔም አብሬው ተፍለቀለቅሁ። ወጡን እያማሰልኩ አዝማቹን ሳዜም የምግብ ቤቱ ባለቤት ገሠጸኝ፤ ምን ገዶኝ!

አምስተኛው ዓርብ ደረሰ። ራሕዋ አልመጣችም።

«አሞኛል ብላለች» አለች ዘቢብ፣ ወለሉን እያየች።

አያ ፍሰሃ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና አምስተኛውን ደጋግሞ አስያዘን። «እሺ። እስከ አምስተኛው እንበለው። ማን ይመራል?»

ዘቢብ፣ ያቺ ዓይናፋር፣ ወደፊት ወጣች። ለተሰንበት «አጃኢብ!» አለች። ዘቢብ ጀመረች። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ እኛ እየተቀበልን፣ ድምፇ እየጠነከረ። ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ የራሕዋ ነው፤ የምታነሳበትም የራሕዋ ነው። እኔ ሞኟ ዓይኔ እንባ ሞላ። አምስተኛውን ጨረሰች። አዝማቹን መለስን። ዘቢብም እንደ ነጎደች ስድስተኛውን አነሳች።

ስድስተኛውን እኛ አናውቀውም። አያ ፍሰሃ የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ዘቢብ መሀል ላይ ገባትና ቆመች፤ አፏን በእጇ ያዘች። ሰሊጡ ድምፇን ዋጠው።

«ማን ሰጠሽ?» አለ አያ ፍሰሃ፤ በቀስታ።

«አያ ፍሰሃ…»

«ስምንቱንም ሰጥታሻለች?»

«አደራ ብላኝ ነው። የመሪው ቦታ ባዶ እንዳይቀርበት አለችኝ። እንዳይሰበርበት። ለዚህ ነው ቶሎ የተማረችው።» አለቀሰች። «ማርያምን አስምላኛለች።»

የሚሄድ ሰው አዲስ መዝሙር አይማርም ብለን ቁጭ ብለን ስንደሰት፣ እሷ ልትሄድ ስለሆነ ነበር የተማረችው።

«መቼ ነው?»

«ዛሬ። ከዓስር ሶላት በፊት። ከከብት ገበያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ።»

ዓስር ሊባል ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አያ ፍሰሃ ሪክሻው ውስጥ ሲገባ እኔም ሳልጠራ ገባሁ። ረድዋን ነገሩን ሲሰማ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ፖሊስ እንጥራ?» አልኩት።

«ያ ኻልቲ፣ ዓስከሪ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጭነው አንቺን ነው።» ነዳው፤ በጉድጓድ ላይ፣ በፍየሎች መሀል፣ ጭንቅላታችን ጣሪያውን እየመታ።

ግቢው በር ላይ ዱላ የያዘ ሰው ቆሟል። አያ ፍሰሃ በዓረብኛ «ልጄን ላያት ነው» አለው። ሰውዬው ላይ ታች አየውና አሳለፈው። እኔን ደረቴ ላይ በዱላው ጫፍ መለሰኝ። በአጥሩ ዞርኩ፤ ሁለት ቆርቆሮ የማይገጥምበት ቀዳዳ አገኘሁና ዓይኔን ሰካሁ።

ፒካፕ መኪና። ከኋላው ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች እግራቸውን አጣጥፈው ተጠቅጥቀዋል። ራሕዋ ጥግ ላይ ናት።

«አያ! ማን ነገረህ?»

«ስድስተኛው አንጓ።»

«ምንም አላጎደልኩብህም» አለችው። «ዘቢብ ሁሉንም ይዛዋለች። ከእኔ ታምራለች።»

«ውረጂ።»

«አልወርድም። ስንት ዓመቴ ነው? ንገረኝ እስቲ።»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ስመጣስ?»

እሱ የመኪናውን ጎን በእጁ ያዘ።

«ሦስት ዓመት የሰው ሳህን አጠብኩ፤ ትምህርት የለ፣ ወረቀት የለ፣ አሁን ደግሞ ሰማዩ እዝዝ ባለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር እየገባሁ። ኸላስ፣ በቃኝ አያ። መርቀኝና ሂድ።»

አያ ፍሰሃ አልመረቃትም። የመኪናውን ጎማ ረገጠ፤ ጉልበቱ ከዳው፤ እንደገና ረገጠ። አንድ ወጣት ሳያስበው እጁን ሰጠው። ወጣና ራሕዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«እሄዳለሁ።»

«ስኳርህስ? መድኃኒትህ የታለ?»

«ቤት።»

«ሦስት ቀን አትቆይም እኮ በረሃ ላይ!»

«እንግዲህ አየሽ።»

«ልታስፈራራኝ ነው!» ጮኸች። በቡጢ ትከሻውን መታችው። «ውረድ! አያ፣ በእናቴ አፅም ውረድ!»

«አንቺ ውረጂና እወርዳለሁ።»

ተፋጠጡ። ከተጠቀጠቁት አንዱ «አባባ፣ ወይ ውረዱ ወይ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ» አለ። ማንም አልሳቀም። ራሕዋ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። እጇን ስታነሳ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር።

«እሺ» አለች። «እሺ! እወርዳለሁ። ተነሳ፣ እንውረድ።»

እኔ ከአጥሩ ጀርባ ዘለልኩ! ረድዋንን አቀፍኩት፤ እልል ልል አፌን ስከፍት በመዳፉ ዘጋኝ።

ቀዳዳዋ ላይ ስመለስ ራሕዋ አንድ እግሯን ከመኪናው ጎን አውጥታለች። ዱላ የያዘው ሰው ከበሩ መጥቶ በዱላው እግሯን አልመታትም፤ ገፋ ብቻ አደረገው፤ ወደ ውስጥ።

«የገባ አይወጣም» አለ። በአማርኛ ነው ያለው፤ በጠራ አማርኛ። ያገራችን ሰው ነው።

«ሐሳቤን ቀይሬ ነው» አለች ራሕዋ።

«ግቢውን አየሽ፤ እኛን አየሽ። ነገ ዓስከሪ ይዘሽ አትመጪም?»

አያ ፍሰሃ ተነስቶ ቆመ። «እኔን ውሰዱኝ። እሷን አውርዷት። እኔ ዋስ ነኝ።»

«አንተን ማን ጠራህ ሽማግሌ? ራስህ ነህ የወጣኸው። ተቀመጥ።» ከሾፌሩ ወንበር ሌላ ሰው ወረደ፤ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ጫፉ ብረት ነው። አያ ፍሰሃ ተቀመጠ። ሸራውን ከላያቸው ላይ ሳቡት።

በሩ ተከፈተ። መሀል መንገድ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ መኪናው ለእኔ አልቀነሰም፤ ረድዋን በቀሚሴ ጎትቶ ጣለኝ። ከዚያ ሪክሻውን አስነስቶ ተከተልነው። ሪክሻ ፒካፕ ላይደርስ! ግን ከከተማው መውጫ ኬላ አለ፤ ይቆማሉ፤ ያስቆሟቸዋል ብለን ነው። ደረስንም። ፒካፑ ከገመዱ ፊት ቆሟል። ጠባቂው ጥላ ሥር ተጋድሟል። ሾፌሩ በመስኮት አንድ ቃል አለው። ጠባቂው ሳይነሳ፣ በተኛበት፣ ገመዱን ለቀቀው።

በዚያች ቅጽበት ነፋስ የሸራውን ጫፍ ገለጠው። ሁለቱም ይታያሉ። ራሕዋ ራሷ ላይ የነበረውን ጠርሓ አውልቃ በአያ ፍሰሃ ራስና አፍ ላይ፣ አቧራ እንዳይገባው፣ እየጠመጠመችለት ነው። እሱ እንደ ሕፃን አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቃታል። እሷ ከጆሮው ሥር ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው፤ አልረካችም መሰለኝ፣ ፈታችውና እንደገና ቋጠረችው።